ግራ ቆላፊና ቀኝ ቆላፊ

ማክሰኞ፣ ጭሮ

ሦስት መስመር ጻፍኩ፤ ሦስቱንም ሰረዝኩ። ኩባንያው ኮንቴይነር መርከብ ላይ የሚታሰርበትን መንገድ ለማሻሻል ከየመርከበኛው አስተያየት ይፈልጋል። እስከ ዓርብ።

ማዕበሉ ከመታን ሁለት ወር ሆነው። አራት ኮንቴይነር ተደረመሰ፣ ጓደኛዬ ጀማል ከሥር ነበር። ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች የለም። የምርመራው ወረቀት "ሠራተኛው ሳይቆልፍ ቀርቷል" ይላል። ሠራተኛው ማለት ጀማል ነው።

እማዬ "ከመጣህ ጀምሮ ወረቀት ላይ እንዳፈጠጥክ ነው፤ ምን ነካህ?" አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት።

ረቡዕ

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ኮንቴይነርን ከኮንቴይነር የሚያያይዘው የብረት ቁልፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እጀታው ወደ ግራ ሲሄድ ይቆለፋል፣ ሌላው ወደ ቀኝ። መልካቸው አንድ ነው፤ ለዚህ ነው በየሳጥናቸው የሚቀመጡት።

የመጨረሻው ወደብ ላይ ዝናብ ነበር። አለቃው ይጮሃል። የቀኞቹን ትርፍ የግራዎቹ ሳጥን ውስጥ ገለበጥኩት፣ በኋላ እለያቸዋለሁ ብዬ። አልለየሁም። ጀማል ከዚያ ሳጥን ወሰደ፤ እንደ ደንቡ እጀታውን ሁሉ ወደ ግራ አዞረ። የቀኞቹ ተከፍተው ቀሩ።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ

ሐሳቡ መጣልኝ፤ ያውም ቀላል።
– አንድ መርከብ ላይ አንድ ዓይነት ቁልፍ ብቻ። ሌላው ይውረድ።
– እስኪወርድ የቀኙ ቀይ ቀለም ይቀባ።
– ወደብ ከለቀቅን በኋላ ማሰሪያው እንደገና ይጥበቅ። የገለምሶ ጫት ጫኚዎች መኪናው ትንሽ ከሄደ በኋላ ወርደው ገመዱን ዳግም ይስባሉ፤ ጭነት ሲረጋ ገመድ ይላላል። እኛ ያን የሚያህል መርከብ አንዴ አስረን እንረሳዋለን።

ጥሩ ወረቀት ወጣው። ያስመሰግነኛል። ቁልፎቹ እንዴት እንደተደባለቁ ግን አንድም ቃል የለበትም። ራሴን ጠላሁት።

ዓርብ

በጠዋቱ ሚኒባስ ገለምሶ ወረድኩ። የጀማል እናት "ኮቱ፣ ና ሳሚ፣ ግባ! ከሥራ ጓደኞቹ የጠየቅኸው አንተ ብቻ ነህ" ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ጀማል ፍራሽ ላይ ተደግፎ ነበር፣ ክራንቹ ከጎኑ። ራሱ ጀመረው። "ወላሂ እጀታው ግራ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ግን ጭንቅላቴን ማመን አቃተኝ። ያየሁትን እንኳ አላየሁም እላለሁ።"

ነገርኩት። ሁሉንም።

ክራንቹን ጎትቶ ጭኑ ላይ አጋደመው። ከዚያ "እና እኔ ሥራዬን በትክክል ሠርቻለሁ?" አለኝ።

"ሠርተሃል።"

ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ እናቱ ሮጠው መጡ። በፊታቸው "ሂድና ጻፈው። ከዛሬ በኋላ እዚህ ቤት አትምጣ" አለኝ።

ጭሮ እንደደረስኩ ጻፍኩት፣ ላክሁት። የመጀመሪያው መስመር "ቁልፎቹን የደባለቅኋቸው እኔ ነኝ" ይላል። ማሻሻያው ከሱ በታች ነው።

ቅዳሜ

ኩባንያው "ደርሶናል" ብሎ መለሰ። ሌላ ነገር የለም። ሥራዬ ይኑር አይኑር አላውቅም። ለእማዬ ነገርኳት፤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ከሰዓት የጀማል እናት ደወሉ። ኮፒውን ልኬለት ነበር፣ ጮክ ብሎ አነበበላቸው አሉ። "ልጄ ዛሬ ጠግቦ በላ" አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ልጠይቀው ልምጣ ወይ ብላቸው "አይ፣ አንተ ተው" ብለው ዘጉት።