የሚሄድ ሰው ጠመንጃ

ኦገስት 29

ኤርሜስ ደወለ።

ፋብሪካ ሰደፍ ዘይት ስቀባ ውዬ ገና መግባቴ ነበር። እጄን ሳልጠርግ አነሳሁት።

“ኦርኔላ፣ ጠመንጃ ምረጪልኝ።” ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ያው እሱ ነው።

ዳሌውን ተቀዶ ወደ ልጁ ቤት ሲወርድ ባለ ሁለት አፈሙዞቹን ሸጧቸዋል። አሁን ራሱ የሚያጎርስ ነው የሚፈልገው፣ ግማሽ አውቶማቲክ። ለወፍም፣ አየር ላይ ለሚወረወረው የሸክላ ኢላማም የሚሆን። አንድ ብቻ።

“እዛው ቼዜናቲኮ ሱቅ የለም?”

“እዚህ ባሕሩ ጋ የሚሸጡት የዓሣ መንጠቆ ነው። ሸለቆው ውስጥ ተወልደሽ ጠመንጃ መምረጥ ካቃተሽ ንገሪኝ።”

“ቤካቻዎቹ ሲመጡ ትወጣለህ?”

“ጠመንጃው ካለ ምን ያግደኛል?”

ቤካቻ ከመጀመሪያው ብርድ ጋር ነው ጫካችን የምትገባው። መንቁሯ ረጅም፣ የወደቀ ቅጠል መስላ የምትተኛ ወፍ። ስንት ክረምት አብረን አድነናታል… ያለፉትን ሦስቱን ግን ብቻዬን።

ትወጣለህ ስለው ድምፄ ተለውጦ ይሆን?

ሴፕቴምበር 2

ጋውዴንዚዮ ሱቅ ሄድኩ። ሽማግሌው ሁለት ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ አጋደመልኝ።

ቀላሉ በራሱ ግፊት ነው የሚያጎርሰው። ዝናብ፣ ጭቃ አይገደውም። ትከሻ ግን ይመታል። ለሸክላ የምንተኩሳትን ደካማ ጥይት ደግሞ አንዳንዴ ይንቃታል። ከባዱ ከተኩሱ ጋዝ ትንሽ ቀንሶ ነው የሚሠራው። ለስላሳ ነው፣ እጅ ላይ ረግቶ ይዞራል። ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋል። ዳገት ይዘውት ሲወጡ ክንድ ይገነጥላል።

“ለሁለቱም የሚሆን አንድ ጠመንጃ ነው ያለኝ” አልኩት።

“ሁሉም እንደዛ እያለ ነው የሚገባው። ስሚኝ ልጄ፣ የሚሄድ ሰው ቀላሉን ይወስዳል፤ ቆሞ የሚተኩስ ሰው ከባዱን። ያንቺ ሰውዬ ይሄዳል ወይስ ይቆማል?”

“ይሄዳል።”

ያንቺ ሰውዬ… አላረምኩትም።

ሴፕቴምበር 3

ማንን ጠይቄ ነው ይሄዳል ያልኩት?

ሴፕቴምበር 6

እሁድ። ጋውዴንዚዮ ሁለቱንም ጠመንጃ ይዞልኝ ተኩስ ሜዳ ሄድን።

ቀላሉ ሁለቴ አልጎርስም አለኝ። ጥይቷ ደክማበት። ትከሻዬ ቀላ። በከባዱ ስተኩስ ግን ሸክላው አየር ላይ ዱቄት ሆነ፤ ትከሻዬ ምንም አልተሰማውም።

ሜዳው ላይ ቡና ቤቱን የያዘችው ዴልፊና መስኮቱ ላይ ተደግፋ ታያለች።

“ለራስሽ ነው ወይስ ለባልሽ?”

“ባል የለኝም።”

“እሱንማ እናውቃለን። ለዚያም አይደል የምንጠይቅሽ።”

ወንዶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ጋውዴንዚዮ መኪና ውስጥ “እንግዲህ በዓይንሽ አየሽ፣ ከባዱ ነው” አለኝ። ሸክላ ላይ ነው፣ ጫካ ሌላ ነው አልኩት። ሞተሩን አስነሳ።

ሴፕቴምበር 14

ደወልኩለት።

“እንዴት ነው አረማመድህ?”

“እንደ ድሮዬ።”

“ደረጃስ?”

“ቼዜናቲኮ ደረጃ የት አለና! አገሩ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ነው። አንቺ ደግሞ ሐኪም ሆንሽብኝ።”

ሳቀ። እኔም ነገሩን ተውኩት። ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ… ግን “አልችልም” ቢለኝስ?

ሴፕቴምበር 20

የአደን መክፈቻ። ከብሪና ጋር ብቻችንን ወጣን። ውሻዋ የእሱ ነበረች፤ ሲሄድ እኔ ዘንድ ቀረች። አርጅታለች፣ አፍንጫዋ ግን ደህና ነው።

ምንም አላገኘንም። ቀኑን ሙሉ ከመንገዱ ቀኝ ቀኝ ስሄድ ዋልኩ። ግራው የኤርሜስ ነው። ባዶውን መንገድ እየለቀቅኩለት።

ኦክቶበር 5

ፋብሪካ አንድ ሰደፍ አንስቼ ቀባሁ። ለኤርሜስ በጣት ያጥራል ብዬ አሰብኩ። ሰደፍ ባነሳሁ ቁጥር ነው እንዲህ የማስበው። ለሰው ብነግር ምን ይባላል?

ኦክቶበር 11

ቀላሉን እንዲያስቀምጥልኝ ለጋውዴንዚዮ ነገርኩት። “ራስሽ ታውቂያለሽ” አለ።

ቤቱን ጠረግሁ። የላይኛውን የእንግዳ ክፍል መስኮት ከፈትኩ። ለአየር ነው።

ኦክቶበር 17

የኤርሜስ ልጅ፣ ሚሌና ደወለች። ድሮም ድምጿ ቀስ ያለ ነው። ዘመድ ባንሆንም ከልጅነቷ ጀምሮ አክስቴ ነው የምትለኝ።

“አክስቴ፣ አባዬ ጠመንጃ ልትገዢለት ነው አለኝ።”

“አዎ። ቀላል ነው፣ ዳገት…”

“አክስቴ፣ አባዬ እኮ በሁለት ክራንች ነው የሚሄደው።”

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

“ተኩስ ሜዳ በመኪና እወስደዋለሁ። ተራው እስኪደርስ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሲደርስ ክራንቹን ይሰጠኝና አጥሩን ተደግፎ ይቆማል። በተውሶ ጠመንጃ አምስት ስድስት ሸክላ ይመታል። ደስ ብሎት ነው የሚያድር። ተራራ አይወጣም አክስቴ። ሐኪሙም ነግሮታል፣ እሱም ያውቃል።”

“እወጣለሁ ብሎኛል እኮ።”

“አንቺን እምቢ ማለት አይችልበትም። መቼ ችሎ ያውቃል?”

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ይቺን የመጨረሻዋን ነገር አስር ጊዜ አሰብኳት። መቼ ችሎ ያውቃል… አባትና ልጅ ሁለቱም የልቤን ያውቁ ነበር ማለት ነው?

ኦክቶበር 18

መስኮቱን ዘጋሁት።

ኦክቶበር 23

ብርድ ገባ። ጠዋት ብሪና ከሸለቆው በላይ ካለው ጫካ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ቤካቻ ተነሳች። አልተኮስኩም። ጠመንጃውን ወደ ትከሻዬም አላነሳሁ።

መጥተዋል እንግዲህ።

ኦክቶበር 24

ባቡር ውስጥ ነኝ። ብሪናን ጎረቤት ተውኳት። እጄ ላይ ከቦርሳዬ በቀር ምንም የለም።

ጠዋት ጋውዴንዚዮ ሱቅ ገብቼ “ከባዱን ስጠኝ” አልኩት።

“ሰውዬው ቆመ?”

“ቆመ። በሁለት ክራንች ነው።”

ሌላ አልጠየቀም። ቀላሉን ወደ መደርደሪያው መለሰ፣ ከባዱን አወጣ። ሰደፉን እንደ ሰውየው አካል የሚያስተካክሉ ስስ ሽብልቆች አሉ፤ የትኛውን እንደሚያስገባ ለማወቅ ልኩን ጠየቀኝ።

“ክንዱ?”

“ከኔ በጣት ይረዝማል።”

“አንገቱ?”

“ረጅም ነው። ሲያነጣጥር ያሰግጋል።”

“ጉንጩ?”

“ሙሉ ነው። አጥንቱ ላይ አያስደግፍም፤ ከሥሩ፣ ሥጋው ላይ ነው።”

“ደረቱ?”

“ሰፊ። ሰደፉ ትንሽ ወደ ውጭ ካልሄደለት በግራ በኩል ይስታል። ጧት ጧት ደግሞ ሹራብ ደርቦ ነው የሚተኩሰው፤ እሱንም ቁጠርልኝ።”

መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

“ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይሄን ሁሉ አታውቅም ነበር።”

የሰደፉን ጫፍ በአውራ ጣቴ ጠረግሁ።

“መቼ ነው ያየሽው?”

“ሲሄድ።”

“ሦስት ዓመት?” አገጩን አከከ። “ሆስፒታል የተኛ ሰው እኮ መጀመሪያ የሚከሳው አንገቱና ጉንጩ ነው። ክራንች የያዘ ሰው ደግሞ ትከሻው ይወጣል። ላንቺው ሰውዬ ሥራ ካልሽኝ እሠራለሁ። ግን እሱ የትም የለም፣ ልጄ።”

“እና ምን ይሻላል?”

“ምን ይሻላል! እንዳልሽኝ አስገባለታለሁ፤ ሲስት ይደውልልናል።” ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሽብልቆቹን ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ።

ቆሜ ቀረሁ። ከጓዳ የመሳቢያ ድምፅ ይሰማል። ኤርሜስን ሳስበው የመጣልኝ ያ ሙሉ ጉንጭ ነው፣ ያ ሹራብ። አጥር ተደግፎ የሚቆመውን ሰውዬ አላውቀውም። ምን ያህል እንደከሳ አላውቅም። ፀጉሩ እንዴት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ላየው ደግሞ ማንም ከልክሎኝ አያውቅም።

የቼዜናቲኮ ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ግን አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳልሳፈርበት አውቀዋለሁ።

“ኦርኔላ!” አለ ጋውዴንዚዮ ከጓዳ። “ጉንጩ የት ድረስ ነው ያልሽኝ?”

በሩን ከፍቼ ወጣሁ።