ዘውዱ ለእሷ፣ አንቀልባው ለእኔ

እህት ዓለም፣

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂዋ ልጄ ናት። የባለትዳሮች የቁንጅና ውድድር ላይ ነን፤ እሷ መድረክ ላይ፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ልጇን በአንቀልባ አዝዬ። ዳኛው «ድርሰቱን፣ ቤቱንና ውድድሩን እንዴት ቻልሽው?» አላት። «ልጄን እያስተኛሁ ነዋ የልጆች ተረት የምፈጥረው!» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጅቷ ጀርባዬ ላይ ሆና «አያቴ፣ የምታስተኚኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ።

በስተርጅና ፊደል መቁጠሬ በጀኝ፤ ለልጅቷ ከራሴ የፈጠርኩላትን ተረት በእናቷ ስም ታትሞ አነበብኩት። እኛ ሰፈር እንዲህ የዋሸ ይታማል፤ እዚህ ዘውድ ይደፉለታል። የደፋችው እሷ፣ አንገቴን የታመምኩት እኔ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የልጅ ልጆችሽን ሳሚልኝ። ከእንግዲህ እናቷ እየሰማች ለዚህች ልጅ ተረት አልነግራትም።