መብራቶችህን ከይመር ተቀብያለሁ

ሰይዴ፣ የኔ ጌታ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። ሰው ፊት «የሐዋ አባት»፣ ለብቻችን ስንሆን ደግሞ «ሰይዴ» እንደምልህ ታውቃለህ። ይህን ደብዳቤ ማንም ያንብበው ማን፣ ሰይዴ ብዬ ነው የምጽፍልህ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ዛሬ ነገ ይመጣል ለሚባል ሰው ደብዳቤ አይጻፍም ብዬ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሐዋ በቁመት ልትደርስብኝ ነው፤ እልኋ ያንተው ነው። ሱቅህን ባዶውን አገኘነው። ዛሬ የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጥ ሰው ተከራይቶታል፤ ደህና ሰው ነው፣ ግን በዚያ በኩል ማለፍ አልወድም። የስፌት መኪናዬን ዘራፊዎቹ ከብዷቸው ይሁን ንቀውት ትተውት ሄደዋል። መብራት ተመልሷል፣ ኔትወርክም እንደ ልማዱ ይሄዳል ይመጣል። የጓሮው ዘይቱን ዘንድሮ አፍርቷል፤ ወፍ እየቀደመን ነው እንጂ።

ካይቱ ግን ከተሰቀለበት የለም። የዚህ ደብዳቤ ነገር ሁሉ ከእሱ ነው የሚጀምረው።

ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው በየመንገዱ የሚተቃቀፍበት ዓመት ነበር። ለጥገና በመጣልህ ስልክ ላይ በሁለት ገመድ በነፋስ የሚበር የጨርቅ ካይት አየህ። የልጆቹ ካይት አንድ ቦታ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ይህኛው ቀኙን ገመድ ሲስቡት ወደ ቀኝ፣ ግራውን ሲስቡት ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ተወርውሮ ይወርድና መሬት ሊነካ ሲል ተገልብጦ ይወጣል። ቤት ስትገባ ዓይንህ ሌላ ነበር። «ይሄ ለሐይቅ ነፋስ የተፈጠረ ነው» አልክና ከደሴ የገዛሁትን ጃንጥላዬን ሳትጠይቀኝ ቀደድከው። በአኺራ ስንገናኝ መጀመሪያ የምጠይቅህ እሱን ነው።

ጨርቁን እኔ ሰፋሁት። አጥንቱን ከጃንጥላው ሽቦና ከሐይቁ ሸምበቆ አንተ ሠራኸው። ገመዱን ይመር ሰጠህ፣ ያ ዓሣ አጥማጁ ጓደኛህ፣ መረብ ከሚጠግንበት ናይሎን ላይ ቆርጦ። ሰፈሩም «የሰይድ አሞራ» አለው። ችግሩ አንተ ሱቅ የምትዘጋው ፀሐይ ስትጠልቅ መሆኑ ነው። ካይትህን በዓመት አንዴ ለዒድ ብቻ ልታበር ሆነ። እንደ ሕፃን ስታኮርፍ ከርመህ አንድ ቀን «መብራት እሰካበታለሁ፣ በጨለማም ይበራል» አልክ። ሳቅሁብህ። መሳቄ ነው መሰለኝ የባሰ እልህ ያስያዘህ።

መጀመሪያ የእጅ ባትሪ ጭራው ላይ አሰርክበት፤ ቀጥ ብሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ መብራቱን አንድ ክንፍ ላይ ብቻ አበዛህበትና እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎን ሲዞር አመሸ። በስንት ጣጣ ነው የገባህ፦ ሁለቱ ክንፍ እኩል መመዘን አለበት፣ ክብደቱም መሐል ላይ መሆን አለበት። ባጃጃቸውን እንደ ሙሽራ የሚያስጌጡት ልጆች ተበላሸ ብለው ከሚያመጡልህ መብራት ላይ ደህና ደህናዎቹን ነቀልክ፤ ለቀኙ ክንፍ ቀይ፣ ለግራው አረንጓዴ። በጨለማ ካይቱ ተገልብጦ እንደሆነ በምን ይታወቃል ብዬ ስጠይቅህ፣ ቀዩ ወደ ግራ ሲዞር ታዪዋለሽ አልከኝ። የአሮጌ ስልክ ባትሪ ከመሐሉ ሸምበቆ ጋር አሰርክ። ቀጭኑን ሽቦ እኔ በጠርዙ እጥፋት ውስጥ ደብቄ ሰፋሁልህ። ያን ስፌት ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቀዋለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሐይቁ ዳር ወጣ። ከእስጢፋኖስ ገዳም የሚመለሱ አንድ ቄስ ቆመው «ይሄ ደግሞ የምን መዓት ነው?» ብለው አማተቡ፤ ነገሩ ሲገባቸው ከልጆቹ ብሰው አጨበጨቡ። ቀይና አረንጓዴው አብረው ሲወጡ፣ ሲጠማዘዙ፣ ውኃው ላይ ደግሞ ሌላ ቀይና አረንጓዴ ከታች ሲከተላቸው ትዝ ይለኛል። አንተ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ገመዶቹን እጄ ላይ አደረግህ። አፈርኩ። «የሰፋችው እሷ ናት» አልክ ጮክ ብለህ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የኮራሁበት ቀን የለም።

ከዚያ ጦርነቱ እየቀረበ መጣ። ማታ ማታ መብራት አጥፉ ተባለ፤ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሰው አንገቱን ይቀብራል እንጂ ሰማይ ቀና ብሎ አያይም። አንተም ካይቱን ጣሪያው ሥር ሰቀልከው። መውጣት ግድ በሆነ ቀን እኔና ሐዋን ሚኒባስ ላይ አስገባኸን። አንተ ግን ቀረህ። የሰው ሬድዮና የሰው ስልክ ሱቅ ውስጥ አለ፣ አማና ነው፣ የሰው አደራ ነው፣ ለየባለቤቱ መልሼ እደርስባችኋለሁ አልክ። ተናድጄ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። መንገዱ ከኋላችን ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። ደብረ ብርሃን የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነን ከሐይቅ በመጣ ሰው ሁሉ ፊት ላይ ያንተን ወሬ ስፈልግ ከረምኩ።

ስንመለስ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ባጃጅ መቆሚያው ድረስ መጥታ ጠበቀችን። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነበር። እኔ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። መቃብር ነው ብለው አንድ የአፈር ክምር አሳዩኝ። አፈር አፈር ነው አልኳቸው። ፊቱን ያላየሁትን ሰው አልቀብርም ብዬ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ጣሪያውን ሳይ ካይቱ የለም። ዘራፊ ብረት ድስት ይወስዳል፣ ፍራሽ ይወስዳል፣ ካይት ምን ያደርግለታል? ሰይድ ይዞት ሄዷል፣ ሰይድ አለ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ መብራቶቹን አየሁ።

ከመግሪብ በኋላ ደጃፍ ቆሜ ሐይቁን ሳይ፣ ውኃው ላይ ዝቅ ብለው ቀይና አረንጓዴ ይሄዳሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት የካይትህ ክንፍ ልክ ነው። ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይዞራሉ፣ ይጠፋሉ። በነጋታውም መጡ። አልፈራሁም ሰይዴ፤ ደስ አለኝ። የሆነ ቦታ ተደብቀህ አገሩ እስኪረጋጋ ድረስ አለሁ እያልከኝ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ለለቅሶ የሚመጣውን ከበር መለስኩ። የሙት ሶደቃ አይወጣም አልኩ። የባል ሐዘን ዒዳ አልቀመጥም አልኩ። እኔን መምከር ውኃ መውቀጥ ሆነባቸው። በመጨረሻ ሼሁ መጡና ቆመው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ዒዳው አንቺ ቆጠርሽውም አልቆጠርሽውም ራሱ ቆጥሮ አልፏል።» ያን ቃል ጠላሁት። አንዳንድ ምሽት አሁንም ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

ሐዋም መብራቶቹን አየቻቸው። «አባ ነው አይደል?» አለችኝ። ራት ስናቀርብ ያንተን ሳህን ከጎኗ ማስቀመጥ ጀመረች፣ እኔም አላነሳሁትም። ሁለታችን አንተን እየጠበቅን አንድ ቤት ውስጥ ቀስ እያልን ከሰው ተለየን።

ባለፈው መስከረም አንድ ምሽት ሐዋ ከቤት ጠፋች። የት እንደምትሆን ልቤ ነግሮኝ ወደ ሐይቁ ሮጥኩ። ዳር ላይ ጫማዋ ተቀምጧል። ከውኃው ውስጥ «አባ! አባ!» የሚል ድምፅዋን ሰማሁ፤ ወዲያው ድምፁ ተቋረጠ። እኔ ዋና አልችልም፣ ታውቃለህ። እስከ ወገቤ ገብቼ ጮህኩ። ያኔ ቀይና አረንጓዴው ከሩቅ ዞሩና ወደ እኔ መጡ። ሰይዴ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ልጄ እየሰመጠች፣ አንድ አፍታ፣ አንተን ለማየት ፊቴን በሻሼ ጠረግሁ።

የመጣው ይመር ነበር። ሐዋን ከውኃው አውጥቶ ታንኳው ላይ በደረቷ አስተኝቷታል፤ እያሳላት ነበር። አልሐምዱሊላህ። መብራቶቹ በታንኳው አግድም በታሰረ ሸምበቆ ሁለት ጫፍ ላይ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ሽቦ ከጃንጥላ ጨርቅ በተቀደደ ጠርዝ ውስጥ ተሰፍቷል። ልጄን በአንድ እጄ አቅፌ በሌላው ያን ጠርዝ ዳሰስኩት። የኔ ስፌት ነው።

ይመር ውኃ የሚንጠባጠብበትን ልብሱን ሳይጨምቅ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ከተማው በተያዘበት ሰሞን ለሕይወታቸው የሚፈሩትን ሰዎች አንተና እሱ በጨለማ ወዲያ ማዶ ታሻግሩ ነበር። ማዶ ያሉት የሚመጣው እሱ መሆኑን እንዲያውቁ ነው መብራቶችህን ከካይቱ ፈትተህ የሰጠኸው፤ ሲቃረብ አንድ አፍታ ያበራና ያጠፋል። የካይቱን ጨርቅ አንዲት አራስ ልጇን ሸፍናበት ተሻገረች። አንተ ዳር ቆመህ አሮጊቶችን እየደገፍክ ስታሳፍር ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጥይት መታህ። ይመር ሲመለስ አልቀህ ነበር። በማግስቱ ሼሁ አሰግደውብህ ጎረቤት ቀበረህ። ሱቁ ሁሉ ተዘርፎ ለከፈን የሚሆን ነጭ ጨርቅ ከተማው ውስጥ ጠፋ። እትዬ አስካለ ለራሷ መገነዣ ያስቀመጠችውን ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠች።

ያን ጨርቅ አውቀዋለሁ። ለክታ ያስቆረጠችው እኔ ዘንድ ነው። ያኔ ገና ብዙ ዓመት ትኖሪያለሽ እያልኩ ቀልጄባት ነበር። የይመርን ወሬ ሁሉ ልክደው እችል ነበር፣ ያን ጨርቅ ግን መካድ አቃተኝ።

ለምን እስካሁን ዝም አልክ ብዬ ጮህኩበት። «አማና ነው እንጂ የኔ መች ነው» አለኝ። «ጦርነቱ ሲያልቅ መልስልኝ ብሎኛል። ለአንቺ ባመጣው ሞቷል ማለቴ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሞቷል የሚልሽን አታስገቢም። እንዲያው አንድ ቀን አይታ ትጠይቀኛለች ብዬ ማታ ማታ በዚህ ፊት ለፊት እመላለሳለሁ።» መብራቶቹን ፈትቶ ሰጠኝ። ልቀጣው ልስመው አላወቅሁም።

ሐዋ ከዳነች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ እንደገና እንሥራው አለች። ጨርቅ ገዛሁ፤ አዲሱን ጃንጥላዬን ግን አልነካሁም፣ እንደ አንተ አይደለሁም። ባትሪውን ጭራው ጋ ልታስረው ስትል ያንተ ስህተት ደሟ ውስጥ አለ ብዬ ሳቅሁ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ መሳቄ ነበር። ሽቦውን በጠርዙ ደብቄ ሰፋሁ። ሁለቱን ክንፍ በጣቴ ላይ አስቀምጬ እኩል እስኪሆን መዘንኩ።

ነገር ግን የሚበራ ነገር በዚህ ሰማይ ላይ ዝም ብሎ አይለቀቅም። ድሮን መጣ ብሎ ሰው ሕፃን አንጠልጥሎ ይሮጣል፣ አሮጊት ወድቃ ትሰበራለች። ስለዚህ ወደ አመሻሹ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሐዋን ይዤ ቤት ለቤት ወጣሁ፤ ማታ መብራት ብታዩ አትደንግጡ፣ የኛ ካይት ነው ልል። የመጀመሪያው በር የእትዬ አስካለ ነው። የተዘጋጀሁትን ተናገርኩ። ማየቷ ደክሟል፣ ጆሮዋም እንደዚያው፤ «የማን ነው አልሽኝ?» አለች። የሰይድ ነው አልኩ። አሁንም አልሰማችም። «የማን?»

«የሟቹ» አልኩ ሰይዴ። «የሟቹ ባለቤቴ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። እትዬ አስካለ በትሯን ጣለችና ደረቷን መታች። እኔም እዚያው ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ሐዋም አለቀሰች። ከዚያ በየበሩ ደገምኩት። የሟቹ ባለቤቴ ካይት ነው፣ የሟቹ የሰይድ ነው። ከየቤቱ ሴቱም ወንዱም እየወጣ ከኋላዬ ተከተለ። ክርስቲያኑ ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ እስላሙ ዱዓ እያደረገ፣ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከበር የመለስኩት ለቅሶ ሁሉ አብሮኝ መጥቶ ነበር።

መግሪብ አልፎ ጨልሟል፤ ነፋሱ ጥሩ ነበር። ሐዋ ካይቱን ወደ ላይ ወረወረችው፣ እኔ ሳብኩ። ወጣ። ከሰው መሐል አንድም የሮጠ የለም፤ ሁሉም ቀና ብሎ አየ። ገመዶቹ እጄን ሲጎትቱኝ አንተ ወዲያ ጫፍ ያለህ መሰለኝ፤ አሁንም ይመስለኛል፣ ምን ላድርግ። ደጃፍ ላይ ስቆምም ጨለማው ሐይቅ ላይ ዓይኔ ሳልፈቅድለት ይፈልግሃል። ይህ ቶሎ የሚለቀኝ አይመስለኝም።

ሶደቃህ ሐሙስ ነው። ሼሁ ይመጣሉ፣ ይመርም ዓሣ አመጣለሁ ብሏል። ያንተን ሳህን ሐዋ ራሷ አጥባ አስገብታዋለች።

እስከዚያች ቀን ድረስ ከየሶላቱ በኋላ እጄን ዘርግቼ «ያ አላህ፣ ሰይድን በሰላም መልስልኝ» እል ነበር። ያን ቀን ከሐይቁ ተመልሼ ኢሻን ሰገድኩና እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ «ያ አላህ፣ የሰይድን ቀብር አብራለት» አልኩ። እስትንፋሴ እስካለ ድረስ ይህን ሳልል ከስጋጃዬ አልነሳም።

ሚስትህ ዘሃራ