ስምህን ከሲቪዬ አወጣሁት

ውዴ ደስዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ገና አለፈ። ተሳላሚው ላሊበላን ሞልቷት ነበር፤ የእኛ ቤት ግን እንደተዘጋ ነው። እንግዳ ማረፊያችንን ብቻዬን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። ልጃችን አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ ስትቆጣ አሁንም እንዳንተ ግንባሯን ትቋጥራለች።

የምጽፍልህ ግን ደንግጬ ነው። እስካሁን ልቤ አልተመለሰም። አንድ ትልቅ ሆቴል እዚሁ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው ሲባል ለሪዘርቬሽን ሥራ በኢንተርኔት አመለከትኩ። ካልተሳካልኝ ቤቱን ትቼ፣ ልጅቷን ይዤ ወልድያ እህቴ ዘንድ ልገባ ነበር። ሲቪዬን ልኬ ከወንበሬ ሳልነሳ «አላለፉም» የሚል ኢሜይል መጣ። ማን አነበበው? መቼ ደረሰ?

ለእህቴ ብደውልላት ሳቀችብኝ። መጀመሪያ የሚያነበው ኮምፒውተር ነው አለችኝ፤ የሥራ ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ቃላት ሲቪው ውስጥ ካላገኘ ሰው ዘንድ አያደርሰውም። እኔ ምን ጽፌ ነበር መሰለህ? «ባለቤቴን ደሳለኝን በእንግዳ ማረፊያው አግዝ ነበር።» በቃ! እኛ አገር ሚስት ሌላ ምን ትላለች? አንተ እንግዶቹን ይዘህ ቤተ ክርስቲያኖቹን ስታዞር፣ ክፍል የምይዝላቸው፣ ኢሜይል የምመልሰው፣ ውሃ ጠፋ ብሎ የሚጮኸውን የማበርደው እኔ ነበርኩ። የኔ ሥራ ነው ብዬ ግን አላውቅም።

ማስታወቂያውን ከጎኔ አድርጌ እንደገና ጻፍኩ። የክፍል ሪዘርቬሽን። የደንበኞች አገልግሎት። ቅሬታ አፈታት። ያልሠራሁትን አንድም አልጨመርኩም፤ የሠራሁትን በእነሱ ቃል ጠራሁት እንጂ። ገጹ ሞላ። ደስዬ፣ ያ ሁሉ እኔ ነበርኩ? አንተስ ታውቅ ኖሯል? ታውቅ ነበር እንጂ! እንግዶች ሲያመሰግኑህ በጣትህ ወደ እኔ ታሳያቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ አፍሬ ጓዳ እገባለሁ።

አዲሱን ብልክላቸው ትናንት ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ እንደገና ክው አልኩ። አዲሱ ሲቪ ላይ አንተ የለህም። ያቺን መስመር እህቴ አያስፈልግም ብላኝ፣ በገዛ እጄ ነው የሰረዝኳት። ሁለተኛ የቀበርኩህ መሰለኝ፤ አለቀስኩ።

ሰኞ ፊቴ የሚቀመጠው ግን ሰው ነው። ሥራውን የት ለመድሽው ካለኝ ስምህን ጠርቼ እነግረዋለሁ። ያንን ቤት ማን ያስተዳድር እንደነበር ከእንግዲህ አልደብቅም፤ የማን ሚስት እንደነበርኩም።

ያንተዋ ዘውዴ