ወደ ኋላ ብቻ የምትሄድ ጣውንት

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12 ቀን
ከቤት (ከቤቱ የትኛው ጥግ እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ)

ይድረስ ለመኪናዋ ባለቤት፣ ጊዜ ሲተርፈውም ለእኔ ባለቤት፦

ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? የመርከቡ መብራት አሁንም እየጠፋ ያስቸግርሃል ወይስ አንተን ኤሌክትሪሺያኑን ሲያይ ይፈራል? እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናቸው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበታቸው ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግራቸዋል። እሷም ደህና ናት። ይኸው፣ ሳትጠይቀኝ ነገርኩህ፤ አሁን ተረጋግተህ አንብብ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ «እስቲ ሞተሯን አስነሺልኝ» ትለኛለህ። ደብዳቤ ሞተር የለውም። ከተጋባን ወዲህ ሳታቋርጠኝ የምታዳምጠኝ ዛሬ ገና ነው። የመርከባችሁ ወጥ ሠሪ ፈቃዱን ጨርሶ ሲመለስ ያደርስልሃል፤ ፖስታውን እንዳይከፍት በእናቱ አስምዬዋለሁ።

ሥራዬን ታውቃለህ፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባሏ የከዳት፣ ጎረቤቱ ድንበር የገፋበት፣ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል። የሰውን ቅናት አሳምሬ ስጽፍ ኖሬ የራሴ ላይ ስደርስ ብዕሩ ከበደኝ። ቢሆንም እንደ ደንቡ ልሂድ፦ አመልካች፣ እኔ። ተጠሪ፣ ያቺ ሰማያዊ፣ ያገለገለች የአውሮፓ ስፖርት አውቶሞቢል። ጭብጡ፣ ባል መንጠቅ።

የነገሩን አመጣጥ ላስታውስህ። ልትገዛት የሄድን ለት መካኒኩን አስከትለን ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል ፊቱ የመርዶ ነጋሪ ፊት ሆነ።

«ወንድሜ፣ ቆንጆ ናት፤ አልዋሽህም። ግን ዘይት ታፈሳለች፣ ኤሌክትሪኳ አይታመንም፣ ማርሽ ሲቀየርም ካምቢዮዋ ያንገራግራል። የምትገዛት ከሆነ እኔንም አብረህ ቅጠረኝ።»

«ትታከማለቻ!»

«ያንን ነጩን መኪና ለምን አታየውም? አይታመምም፣ አያስታምምም።»

«እሱማ ማቀዝቀዣ ይመስላል» አልክ።

ዓይንህ ከእሷ አልተነቀለም። በሯን ከፈትህ፣ ዘጋህ፣ ድምፁን አጣጣምክ፣ ደግመህ ከፈትህ። እኔ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ከጎንህ ቆሜያለሁ። ቀሚሱን ያየው መካኒኩ ነው፤ «አምሮብሻል እህቴ» አለኝ። አንተ «አዎ፣ ቀለሟ ልዩ ነው» አልክ፤ የሰማያዊዋን ማለትህ ነው። ቀሚሴ ቀይ ነበር።

እናትህ ግቢ ስትገባ አዩዋት፤ ዞሩዋት። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» አሉ፤ ቀጥለው ወደ ታች አዩና «ይህቺ ደግሞ ሳትታጠብም ታንጠባጥባለች።»

ወሩ ሳይሞላ መርከቡ ጠራህ። ለእኔ የተውክልኝ አደራ «ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሺያት፣ ብርድ እንዳይመታት» የሚል ነበር። ብርድ እንዳይመታትም የሠርጋችንን ብርድ ልብስ አወጣህና አለበስካት። እኔን በር ላይ ስመኸኝ ወጣህ። እሷን ግን በአራቱም ማዕዘን ዞረህ ተሰናበትካት።

ከዚያ የቅዳሜው ሥርዓት መጣ። ትደውላለህ፤ አስነሣታለሁ፤ ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስቀምጬ እንደ ዘበኛ እቆማለሁ። አንተ ከባሕር ማዶ ትንፋሽህን ውጠህ ታዳምጣለህ። ባለፈው ወር «ሞተሯ ሳል ብጤ አላት፤ ዛሬውኑ መካኒኩን ጥሪ» አልከኝ። በዚያ ሰሞን እኔም ሳል ይዞኝ ደረቴ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ነበር። መካኒኩ መጥቶ የእሷን ጠራረገና የእኔን ሰምቶ ቀና አለ። «አንቺንስ ማን ይይሽ?» አለኝ።

እናትህ ነገሩን አውቀውብኛል።

«ጣውንትሽን አጠብሻት?» ይሉኛል ጠዋት ጠዋት።

«እማዬ፣ እርስዎም ይሳቁብኝ!»

«ምን እስቃለሁ ልጄ! እኔስ አባቱን ከዳማ ገበታ ጋር ተካፍዬ አይደል የኖርኩት? ያንቺዋ እንኳ ደጅ ታድራለች። የኔዋ ራስጌያችን ነበረች።»

አንድ ቀን ምን እንዳየህባት ማወቅ አማረኝ። መንጃ ፈቃድ እንዳለኝ ረስተኸው ከሆነ፣ አለኝ። ብርድ ልብሳችንን ገፍፌላት ቁልፉን አዞርኩ። ልደብቅህ አልችልም፤ እስከ ዳቦ ቤቱ ማዕዘን ድረስ ገባኝ። ነዳጁን ረገጥ ሳደርግ ሆዴ ኋላ ቀርቶ እኔ ቀደምኩት። «ወይ ጉድ፣ ለካ ይህን ነው!» አልኩ። ምቀኝነቴ ያኔ እጥፍ ሆነ፤ ጠላትን ማድነቅ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አንተ አታውቀውም።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ዳሽቦርዷ እንደ ሠርግ ቤት በራ። ወደ ፊት እምቢ አለች። ብለምናት፣ ብረግማት፣ በእናትህ ስም ባስምላት፣ ወይ ፍንክች! ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ይለቅብኛል። ኋላ ማርሽ ሳስገባ ግን እንደ ሰጋር በቅሎ ተንቀሳቀሰች። ምን ላድርግ? አንገቴን ጠምዝዤ፣ ሰፈሩን ሁሉ በጀርባዋ አቋርጬ ቤቴ ገባሁ። ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ ደጅ ወጥቶ፦

«እመቤት፣ የረሳሽው ነገር አለ እንዴ?»

«አዎ፣ አእምሮዬን!» አልኩት።

መካኒኩ መጣና ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ራሱን ነቀነቀ። «ካምቢዮዋ አልቋል። የቀራት ኋላ ማርሽ ብቻ ነው።» በስልክ ነገርኩህ። አሁን አይዞሽ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። «አይዟት በያት» አልክ! አስከትለህም ያችን ንግግር ተናገርክ፦ «ግዴለም፣ በወሩ መጨረሻ ኮንትራቴን ለአንድ ዓመት አድሳለሁ፤ አዲስ ካምቢዮ አስገባላታለሁ።»

ትመጣለህ ብዬ መጋረጃ ለውጬ ነበር። እናትህ ጥርሳቸውን አስተክለው ነበር፤ ስትመጣ ሊስቁልህ። ባል የምትነጥቅ ጣውንት ሰምቼ አውቃለሁ፤ ተኳኩላ፣ ደጅ ጠንታ፣ ተራምዳ ነው የምትነጥቀው። ቆማ፣ ንቅንቅ ሳትል፣ ባል ባሕር ማዶ ይዛ የምታስቀር ግን እሷን ብቻ አየሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ደወልክ። «እስቲ አስነሺልኝ፤ ድምጿን እንኳ ልስማ» አልክ። ሆዴ ቆስሏል። አላስነሣኋትም። ስልኩን ይዤ ወደ ጎረቤት ተሻገርኩ፤ የዳቦ ቤቱ ማመላለሻ መኪና፣ ያ ጭስ ማውጫው በሽቦ የታሰረው፣ ሞተሩ ተነሥቶ ቆሞ ይሞቃል። ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጋጋሪው አፉን ሲከፍት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩበት።

አዳመጥክ። ሰፈሩ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ አንተ አዳመጥክ።

«እሰይ! ድምጿ እንዴት ጠርቷል! አዲስ ሆናለች እኮ!»

የዳቦ መኪናውን! ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። ያ ሁሉ ፍቅር የወዳጁን ድምፅ እንኳ አይለይም! በልቤ ፍርዱን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም መታሁበት። «ያዝኩህ!» ልልህ ስል ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ ፊቴን አዙሬ፣ አፌን በሻርፔ አፍኜ ሳልኩ።

«ሳልሽ እስካሁን አልለቀቀሽም እንዴ?» አልክ።

ያ ብረት እየጮኸ። እኔ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ። ነግሬህ የማላውቀውን ሳል ለየኸው።

ለሰው ሁሉ ቃል የማበድር ሴትዮ፣ «ኔትወርኩ ተበላሸ» ብዬ ዘጋሁብህ። ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ አምጥቶ ያለ ምንም ጥያቄ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ሥራ አስፈታኝ። የሞተር ድምፅ የማይለይ ሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትንፋሹን ውጦ ምን ሲያዳምጥ ኖረ? መልሱን እዚህ አልጽፈውም፤ ከጻፍኩት ክሴ ይወድቃል፤ እኔ ደግሞ ክስ ሲወድቅብኝ አልወድም።

ስለዚህ ማመልከቻዬን አሻሽያለሁ። ተጠሪዋ ከነበሽታዋ ግቢው ውስጥ ትቆይ፤ ትውጣልኝ አልልም። መካኒኩ ከተጋጨች እህቷ ላይ ካምቢዮ ሊፈልግላት ቃል ገብቷል። ካልተገኘም ካልተገኘ ነው፤ ወደ ኋላ መንዳት ሠልጥኛለሁ፤ ስትመጣ ከበር እስከ ዳቦ ቤቱ አንሸራሽርሃለሁ፣ ሰው ይሳቅ። አንተ ግን ያንን የኮንትራት ወረቀት አትፈርም። ብዕሩን አስቀምጠህ ና።

አሁን የት ሆኜ እንደምጽፍ ልንገርህ። ዝናብ ይዟል። እሷ ውስጥ ነኝ፤ ወረቀቱን መሪዋ ላይ አስደግፌ። ወንበሯ ለአንተ እግር እንደተገፋ ነው። ከጀርባዬ ትራስ ከትቼ በእግሬ ጣት ነው ፔዳሉን የምደርስበት፤ ያን ቀንም እንዲሁ ሆኜ ነው የነዳኋት። መካኒኩ ባየኝ ቁጥር ይቆጣል።

«እህቴ፣ ማዘዣ ቁልፉን ተጫኚውና ወንበሩ ወደ ፊት ይምጣልሽ እንጂ! ወገብሽን ትሰብሪያለሽ!»

«ኤሌክትሪኳ አይታመንም ያልከው አንተ አይደለህ? አንዴ ወደ ፊት መጥቶ ወደ ቦታው አልመለስ ቢለኝስ?»

«ባይመለስስ ምን ትሆኛለሽ?»

በሯን ዘግቼበት ትራሴን አስተካክላለሁ።

ማዕበሉን ያስተኛልህ። የምትነካው ሽቦ ሁሉ የበረደ ይሁን። ያ መርከብ ወደ ፊት የሚሄድበትን አይጣ፣ በተለይ ወደዚህኛው ወገን። እናትህ «ጥርሴ ሳይለምደኝ ይምጣ» ብለዋል።

የመጀመሪያዋ ሚስትህ

ሳልረሳው፦ ሳሌን ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ ነበር የዘጋሁት። አልለቀቀኝም። በስልክ ግን በደንብ አይሰማም፤ መጥተህ አዳምጠው።