የእትዬ ዘነበች አረንጓዴ ቁጥሮች

ታኅሣሥ 11፣ 2009 ዓ.ም.፣ ጠዋት 1፡30

158 በ94። ስልኩ ቀላ። አማቴ እትዬ ዘነበች አንገታቸውን አስግገው አዩና ዛሬም ቀይ ነው ወይ አሉ። ፊታቸው ጥቁር አለ። ከእንግዲህ እ.ዘ. ብዬ ነው የምጽፋቸው፣ ማስታወሻዬ፣ ጊዜ የለኝም።

የደም ግፊት መመዝገቢያ አፑን ስልኬ ላይ የጫነው ባሌ ተክሌ ነው። የጭነት መኪና ይዞ ሲወጣ ሳምንት አይታይም፤ የእናቱ ግፊት እኔ ላይ ወደቀ። መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ማሰር፣ የወጣውን ቁጥር ስልኩ ላይ መጻፍ። ቁጥሩ በዝቶ ስልኩ ከቀላ፣ አሳርፈሽ እንደገና ለኪ ይላል፤ እንዴት ቀላል ነው ለእሱ! ከገና በኋላ ሐኪሙ መዝገቡን አይቶ መድኃኒታቸውን ይወስናል።

ታኅሣሥ 17፣ ሱቅ

ሸማ ተራ እግር መጣያ የለውም። ነጠላ ስዘረጋ፣ ስጠቀልል፣ ስዘረጋ ዋልኩ። አሁን ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፣ የጠዋቱን።

161። ቀይ። አሳረፍኳቸው። 159። አሁንም ቀይ። ደንበኛዬ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ደርሻለሁ እያለች ትደውላለች፤ የሱቁ ቁልፍ እኔ ጋ። ለሦስተኛ ጊዜ ማን ይለካል? 128 በ82 ብዬ ጻፍኩ። አረንጓዴ።

እ.ዘ. እልል አሉ! ግንባሬን ሳሙኝ። እንዲህ ደስ ካላቸው ምን ይሆናል፣ ለአንድ ቀን ነው።

ታኅሣሥ 22፣ ከሰዓት በኋላ

ስድስተኛ ቀን። 126፣ 131፣ 124... እንዳይነቃብኝ እያቀያየርኩ። ለተንኮል ሲሆን ጭንቅላቴ እንዴት ይሠራል!

ከትናንት ጀምሮ ማሽኑን ሳይጨርስ አጠፋዋለሁ። እውነተኛውን ማየት አልፈልግም። ማስታወሻዬ፣ ይሄን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

ዛሬ ጠዋት እ.ዘ. ደሜ ቀነሰ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቀነሰ አልኳቸው። ለአማኑኤል ሰፈር በሙሉ አውርተዋል፦ ምራቴ በስልክ አዳነችኝ፣ ከወለድኳቸው በለጠችብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ።

ታኅሣሥ 27

በዓሉ ደረሰ። ገበያው አበደ። እ.ዘ. ራሴን አዞረኝ አሉ። የጾም ድካም ነው አልኩና ወጣሁ። 125 በ80 ጻፍኩ።

ጥር 1፣ ጠዋት 3፡00

ወይኔ። ወይኔ ጉዴ።

የእ.ዘ.ን ነጠላ ላጥብ ዘፈዘፍኩ። ጫፉ ተቋጥሯል። ሳንቲም መስሎኝ ፈታሁት። ክኒን። ዘጠኝ የግፊት ክኒን። አልዋጧቸውም።

እሳቸው እኮ አላፈሩም፣ ብልህ ሥራ እንደሠራ ሰው ነው ያስረዱኝ። እንደ ድሮ ሰው ግፊትን ደም ብዛት ነው የሚሉት። ደሙ በዝቷል፣ ክኒኑ ይቀንሰዋል። ጎረቤታችን ወ/ሮ አስካለ ደግሞ ደም ማነስ ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። “ራስሽ ቀነሰ አልሽኝ፤ ጭራሽ እንዳያልቅብኝ ብዬ ተውኩት” አሉኝ።

ራሴ አልኩ። አዎ፣ በገዛ አፌ።

ለካሁ፣ እስከ መጨረሻው። 192 በ108። ስልኩ ላይ አልጻፍኩትም። ክሊኒክ ደወልኩ፤ የዛሬዋን ክኒን አሁኑኑ ይዋጡ፣ አይንቀሳቀሱ፣ ነገ ጠዋት አምጪያቸው፣ የሚብስባቸው ከሆነ ግን ዛሬውኑ አሉ። ሱቅ አልከፈትኩም። አጠገባቸው ተቀምጬ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። አንድ ነገር ቢሆኑ እኔ ነኝ የገደልኳቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ይለቀም ይሆን?

ያው ቀን፣ 10፡00

ተክሌ ገባ። ክኒኖቹን አሳየሁት። ክኒኖቹን ብቻ። እናቱ ላይ ጮኸ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ተቆጣቸው። እ.ዘ. አንገታቸውን ደፍተው፣ አሮጊት ነኝ ልጄ፣ ተሳሳትኩ አሉ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

ጭራሽ አመሰገነኝ! አንቺማ አንድ ቀን አላጓደልሽም አለ፣ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች እያየ። ከታኅሣሥ 17 ወዲህ ሁሉም አረንጓዴ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥር 2፣ ጠዋት 12፡40

178 በ102። ጻፍኩት። ቀይ። ይሁን።

ክንዳቸውን እያሰርኩ ለእ.ዘ. ነገርኳቸው። ያ ሁሉ አረንጓዴ የእኔ ፈጠራ ነው እትዬ፣ ደምዎ አልቀነሰም ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ። አለቀስኩ። እጄን ያዙኝ። የሚረግሙኝ መስሎኝ ነበር፤ ተክሌ ይሰማል ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። “እንዳትነግሪው” አሉ። “እኔ እናቱ ነኝ፣ ዛሬ ተቆጥቶ ነገ ይረሳልኛል። አንቺን ግን በተጣላችሁ ቁጥር ያነሳብሻል። እኔው ላይ ይቅር።”

እሺ እትዬ አልኳቸው።

እሺ አይደለም። ሐኪሙ ያንን መዝገብ አምኖ ሊያክማቸው ነው። በሽታውም የእሳቸው፣ ቁጣውም የእሳቸው፤ እኔ ደግሞ ምስጋናውን ይዤ ልኖር? አይሆንም። ተክሌ ጫማውን እያሰረ ነው። ታክሲ ሳንይዝ፣ እዚሁ ደጃፍ ላይ፣ እሳቸው እየሰሙ እነግረዋለሁ። ይጩህ። ዕድሜ ልኩን ያንሳብኝ።

ተነሳ። ስልኩን አምጪው እያለኝ ነው። መጣሁ ተክሌ፣ ቆይ፣ ከመውጣታችን በፊት