ጽዋው እኛ ቤት ሊያድር ነው

የልጄ አባት፣ ተክሌ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ካለህበት ሆነህ ታየኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ብታየኝ ደክሞኛል። ይህን የምጽፍልህ አንተው በዳዊት ባስቆጠርከኝ ፊደል ነው፤ መስመሩ ቢጣመም አትሳቅብኝ።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። የጣሪያው ሣር በስብሶ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲያስገባ ከረመ። መጀመሪያ አልጋውን ወደ ምሰሶው አስጠጋሁ፣ ቀጥሎ ላሚቱን ከቦታዋ አዛወርኩ፤ አሁን የማዛውርበት ደረቅ ቦታ የለኝም። እንሰቱ ደርሷል። መፋቁን እችላለሁ፣ ነቅሎ የሚጥልልኝ ክንድ ነው የጠፋው። ልጃችን ለመስቀል ከመርካቶ መጥቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፤ ከበዓሉ በኋላ ከቡታጅራ በሎንቺና ተመለሰ። ምን ያድርግ፣ እሱም በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ነው የሚያድረው።

ትናንት የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴው ጋሼ ደስታ መጡ። ግቡ ብላቸው አልገቡም፤ ደጅ እንደቆሙ የዚህ ወር ጽዋ እኛ ቤት እንደሚያድር ነገሩኝ። ተራችን እንዳልሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ጽዋው ያለ ተራ ማን ቤት እንደሚያድር ካንተ ወዲያ ማን ያውቃል?

ድሮ የገብርኤል ማኅበር ማለት ጸሎት ተደርሶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ ደጅ ለተቀመጡት ነዳያን ትራፊ ተሰጥቶ መበተን ነበር። አንተ ነህ አንድ ቀን ተነሥተህ፣ ዳቦው የሚያቆያቸው እስከ ማታ ነው፣ ነገ ምን ይብሉ ያልከው። ከማኅበሩ ማግስት ዶማና ማጭዳችንን ይዘን አንዱ ድሃ ቤት ሄደን እንሥራለት አልክ። ቄሱ ማኅበሩን የደቦ መንደር አደረግኸው ብለው ተቆጡህ፤ በኋላ ግን ዶማውን በመስቀላቸው ሳይባርኩ ሥራ አያስጀምሩም ነበር። ጎረቤታችን ከድር እንኳ ከአጥሩ ውጭ የራሱን ዱዓ ያደርግና፣ እናንተም ጨረሳችሁ፣ እኔም ጨረስኩ፣ ድህነቱ ግን አላለቀም እያለ በሬዎቹን እየነዳ ይገባ ነበር።

የሰው ፊት እሳት ነው ትል ነበር። ስለዚህ የሚረዳው ሰው ድሃ እንዳይባል፣ በማኅበሩ ዕለት ጽዋው እሱ ቤት ይደር፣ ደጋሹ እሱ ይሁን፣ ድግሱን እኛ በጓሮ እናስገባለን አልክ። የእማማ ብሬን ቤት የከደንን ጊዜ ታስታውሳለህ? ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና ተቀብላ እንደ ሙሽራ እናት ሽር ጉድ ስትል፣ አንተ በማግስቱ ጣሪያው ላይ ሆነህ ወደ እኔ እያየህ ሳቅህ። በሚቀጥለው ወርም ጽዋውን ይዛ በምርኩዟ ከፊት ከፊት ወደ ሌላ ድሃ ቤት መራችን፤ ያም ያንተው ሕግ ነበር። ጽዋውን ስትቀበል እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቼ የእርጅና መስሎኝ ነበር። አሁን ገባኝ፣ ተክሌ። ያማል።

እንቢ ልላቸው ነበር። ልጄ ይልክልኛል የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሷል። ጋሼ ደስታ ግን መሬት መሬት እያዩ፣ የሚቀጥለው ወር በቆሼ መንገድ ያለችው መበለት ቤት ነው፣ ሦስት ሕፃናት ይዛ ውጭ ልታድር ነው፣ ከፊት የምትሄጂው አንቺ ነሽ አሉኝ። አንተ ሰውዬ፣ ሞተህም አታሳርፈኝም! ተናደድኩብህ፣ አለቀስኩም። ከዚያ እሺ አልኳቸው።

ነገ ነው። ቤቱን ጠርጌያለሁ፤ ጽዋውን የማኖረው አንተ ትቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ነው። ቄሱ ያለፉትን ማኅበርተኞች ስም ሲጠሩ ያንተ ጋ ሲደርሱ ጮክ ብዬ አሜን እላለሁ። በማግስቱ ሰው ጣሪያው ላይ ሲወጣ፣ አንተ እንዳልሆንክ እያወቅሁ ቀና ብዬ ማየቴ አይቀርም።

በሚቀጥለው ወር፣ ቢደክመኝም፣ ጽዋውን ይዤ ከፊት እሄዳለሁ። እንዲህ ነው የማስታውስህ፣ እግሬ እስካለ ድረስ። ያቺ መበለት በሯን ስትከፍት እጇ ቢንቀጠቀጥ፣ ጽዋውን ቶሎ አልለቅባትም። አብሬያት ይዤ እቆያለሁ።

ያንተው አስካለ